ሦስት ወር ጠበል የገባው መምህር

ፓስፖርቴን የደበቅኩት በርበሬ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። በላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልዬ ከሥር አስቀመጥኩት፤ በርበሬውን ከላይ መለስኩበት። የምኖረው ብቻዬን ነው፤ ሻንጣዬን የሚከፍት ባል የለኝም። ቢሆንም አከራይቷ ትርፍ ቁልፍ አላቸው፤ እህቴ ደግሞ ከገጠር በመጣች ቁጥር ነጠላ ልዋስ ብላ ቁም ሳጥኔን ታምሳለች። ፓስፖርት ያየ ሰው ሌላ ምንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

በእኛ አካባቢ ከአገር የሚወጣ ሰው አይናገርም። ነገሩ "ፕሮሰስ" ይባላል። ፕሮሰስ የጀመረ ሰው ለወንድሙ እንኳ አይነግርም፤ ወንድሙ ቢጠይቀው ተቆጥቶ ይክዳል። ስንት ወዳጅ ከኤርፖርት ደውሎ ነው የተሰናበተን። ዓይን ያርፍበታል፣ አፍ ያበላሸዋል፣ ወሬው ከወጣ ቪዛው ይመታል ይባላል። እኔ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ በዓይንም በአፍም አላምንም እያልኩ ነው የኖርኩት። ፓስፖርቱን ግን በርበሬ ውስጥ ከተትኩት።

ሥራውን ያገኘሁት በስልኬ ነው። ዲግሪና ልምድ ያለው የእንግሊዝኛ መምህር ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አየሁ። የአገሩን ስም ዛሬም አልጠራም። ጉዳዩ ካለቀ ቆይቷል፣ የሚበላሽ ነገርም የለም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እስያ ውስጥ መሆኑ ይበቃል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት መልስ ሌላ ቦታ ወስደው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩበት አገር ነው።

ኢንተርቪው የተደረግኩት ቡሬ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ኢንተርኔቱ መጣ ሄደ የሚል ነበር፤ እንዲያውም ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም፣ ሰው እንዳያየኝ ነው። መንገዱ ክፍት በነበረበት ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩና ዋይፋይ ያለው ሆቴል ገብቼ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። በስልኩ ውስጥ የመጣው ሰውዬ ስሙን ነገረኝ፤ የሰው ስም ይሁን የድርጅት ስም እስከ መጨረሻው አልገባኝም። አንድ አንቀጽ አስነበበኝ። ቀጥሎ የስድስት ዓመት ልጅ ፊት ለፊቴ እንዳለ አስቤ ቀለማትን እንዳስተምር ጠየቀኝ። ቡሬ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ የእህል ነጋዴዎች ጥብስ በሚበሉበት አዳራሽ ውስጥ እያጨበጨብኩ "ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ" እያልኩ በእንግሊዝኛ ዘመርኩ። አስተናጋጇ ሒሳብ ሳልጠይቃት አመጣችልኝ።

ሲጨርስ "እንግሊዝኛሽ በጣም ያምራል፤ የት ነው የተማርሽው?" አለኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ኩንታል በቆሎ መካከል ተጣብቄ ተቀምጬ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ቪዛው ግን አስቸገረ። መጀመሪያ የሥራ ፈቃድሽ እዚህ አልቆ ይላክልሻል ተባልኩ። ቀጥሎ ዲግሪሽ ይረጋገጥ ተባለ፤ አዲስ አበባ ወርጄ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ሰነበትኩ። ማኅተም ላይ ማኅተም ካረፈበት በኋላ ደግሞ የአገሩ ኤምባሲ እዚህ የለም፣ ወረቀቱ ወደ ሌላ አገር መላክ አለበት ተባለ። ተላከ። ሁለት ወር ዝም ሆነ። ከዚያ ሰውዬው አዲስ ነገር አመጣ። በአገሩ ሕግ የሥራ ፈቃድ በቀላሉ የሚያገኘው አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ ከሆነ አገር የመጣ መምህር ነው፣ ያንቺ ፓስፖርት ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ሌላ ፈተና ተፈትነሽ ሌላ ወረቀት ማቅረብ አለብሽ፣ ዓመት ይፈጃል አለኝ። ተስፋዬ ቁርጥ አለ። በማግሥቱ መላ አግኝቻለሁ ብሎ ጻፈልኝ። በቱሪስት ቪዛ ነይ፤ እዚህ ስትደርሺ ወደ ሥራ ቪዛ እንቀይረዋለን፤ ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው። ኤርፖርት ላይ ልጎበኝ መጣሁ በይ። ዲግሪሽን በእጅ ሻንጣሽ አትያዢ። መምህርት ነኝ እንዳትይ።

እኔ ሰው የማምን ሴት አይደለሁም። ሽንኩርት ስገዛ ሚዛኑን አንስቼ ከሥሩ አያለሁ። አከራይቷ "እንዴት ዋልሽ?" ካሉኝ ምን ፈልገው ነው ብዬ ሳስብ አመሻለሁ። ይህችው ሴት "መምህርት ነኝ እንዳትይ" የሚል መልእክት አንብባ ምንም አልጠረጠረችም። ሰውዬው ሩቅ ነበር፤ አሞግሶኝም ነበር። እኔ የምጠረጥረው በዓይኔ የማየውን ሰው ነበር።

በየቀኑ በዓይኔ የማየው ደግሞ የትምህርት ክፍላችንን ሌላ እንግሊዝኛ መምህር ነው። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። የምንጋራው አንድ ጠረጴዛ ነው፣ እሱ በግድግዳው በኩል እኔ በመስኮቱ በኩል። ዝምተኛ ነው፤ እርማት አይወዝፍም። ምሳ ሰዓት ላይም፣ ባጃጅ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም የተማሪ ወረቀት ይዞ ያርማል። ከሁለት ዓመት በፊት ሦስት ወር ከሥራ ጠፍቶ ነበር። ታሞ ጠበል ገባ ተባለ፤ ጠበሉም ከማንኩሳ ወጣ ብሎ አባቴ ከሚኖሩበት ቀበሌ አጠገብ ያለው መሆኑ ተወራ። ጠበል ገብቶ የወጣን ሰው ምን ሆነህ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እግዜር ይማርህ ተብሎ ይታለፋል። ከስቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። የሕመም ማስረጃ አቀረበ፤ ማስተማሩን ቀጠለ። እኔም ሦስት ወር ሙሉ የእሱን ክፍሎች ደርቤ ሳስተምር ከርሜ አንድ ቃል አልጠየቅኩትም።

ከትምህርት ቤቱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በጠየቅኩበት ሳምንት ይህ ዝምተኛ ሰው አፍ አወጣ።

"የሥራ ልምድ ጠየቅሽ አሉ" አለኝ፣ ዓይኑን ከሚያርመው ወረቀት ሳያነሳ።

"ለማስተርስ ነው።"

"ማስተርስ የሚመዘገቡት በክረምት አይደል? አሁን እኮ ጥር ነው።"

"ቀድሜ ልዘጋጅ ብዬ ነዋ" አልኩት። ከአንገቴ በላይ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም።

ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ አመጣ። "እንዲያው ምን ይመስልሻል፣ ሰው መንገድ ቢያስብ፣ ሥራውን ጨርሶ ተሚለቅ ፈቃድ ጠይቆ ቢሄድ አይሻለውም?" ማን ነው መንገድ ያሰበው አልኩት። "እንዲያው ሰው ነዋ፤ ማንም" አለኝ። ሌላ ቀን ከመጽሐፌ ውስጥ ጉርድ ፎቶዬ ወደቀ። አንሥቶ አየው፤ ጀርባው ነጭ ነው፣ ጆሮዬ በሙሉ ይታያል። ለመታወቂያ እንዲህ ያለ ፎቶ እንደማያስፈልግ ሁለታችንም እናውቃለን። ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠልኝ።

ሰላሜን አጣሁ። ስልኬ ሲጮኽ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ሽንት ቤት ስሄድ ቦርሳዬን ይዤ እሄዳለሁ። ሰውዬውን ለማነጋገር ለሦስተኛ ጊዜ ቡሬ የሄድኩ ዕለት ከሆቴሉ ስወጣ ባልደረባዬን አየሁት። እህል ከጫነ አይሱዙ ጀርባ ቆሞ ስልኩን ያያል። ቡሬ ዘመድ እንደሌለው አውቃለሁ። ሰኞ ዕለት ጠየቅኩት።

"ቅዳሜ ቡሬ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ሰው ልጠይቅ" አለኝ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ከዚያ በኋላ ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ እርግጠኛ ነበርኩ። ወይ የውጭ አገሩን ቦታዬን ሊነጥቀኝ ነው፣ ወይ ለርእሰ መምህሩ ወሬ ያቀብላል። ትንሽ ሳስብበት ሁለቱንም ነው አልኩ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ለእሳቸው ሳልነግር አልሄድም ብዬ ነበር። ጭድ ሲከምሩ አገኘኋቸውና ከክምሩ ጥላ ሥር ተቀምጠን በሹክሹክታ ነገርኳቸው፤ ከእኛና ከአንድ ታስራ ከምትግጥ በቅሎ በቀር በአካባቢው ማንም አልነበረም።

"አገሩ የእንግሊዝ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም አባባ፤ እስያ ነው። ሩቅ ነው።"

"እና እንግሊዝኛ ምን ያደርግላቸዋል?"

"ለሥራም፣ ለንግድም ይሆናቸዋል።"

"እንግሊዞቹ እያሉ አንችን ተዚህ ድረስ ምን ብለው ጠሩሽ?"

"እንግሊዞቹ ደመወዝ ያስወድዳሉ፤ እኛ በትንሹ እንሠራለን።"

ይኸኛው ገባቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው "ስትደርሽ በር ላይ ምን ብለሽ ነው የምትገቢው?" አሉኝ።

"ልጎበኝ መጣሁ ብዬ።"

"ልታስተምሪ ሂደሽ?"

"አዎ።"

አባቴ መንሹን መሬት ላይ አጋደሙት። "ተሰው ደጅ ቁመሽ ዋሽተሽ ተገባሽ፣ ያስወጡሽ እንደሁ ለማን ትናገሪያለሽ?" አሉኝ።

ተናደድኩ። "አባባ፣ አንቱ ይኸን አያውቁም፤ ጊዜው እንዲህ ነው" አልኳቸው። አባቴን በዚያ ድምፅ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር። እሳቸውም ተነሥተው ጭዳቸውን መከመር ቀጠሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጠበሉ ወረድኩ። ልጠመቅ ወይም ልሳለም ብዬ እንደሆነ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ ለራሴም እንዲሁ አልኩት። አጥማቂው ቄስ ሰው አጥምቀው ሲጨርሱ ጠብቄ መስቀል ተሳለምኩና ጠየቅኳቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የከተማ መምህር ሦስት ወር እዚህ ተቀምጦ ነበር፣ ያስታውሱታል?

"ሦስት ወር?" አሉኝ። "ልጄ፣ እዚህ ሁለት ሱባኤ የቆየ ሰው ሁሉ ተየትኛው ቤት እንዳደረ፣ ምን እንዳመመው አውቃለሁ። ያን ዓመት ተዚህ ለቅቄ አላውቅም። መምህር አልመጣም።"

ደስ አለኝ። ስጽፈው አፍራለሁ፣ ግን ደስ አለኝ። ወደ ከተማ የሚመልሰኝን ሚኒባስ ቆሜ ስጠብቅ አሁን እኔም ስለ እሱ የማውቀው ነገር አለኝ እያልኩ ነበር።

የቱሪስት ቪዛው በኢሜይል ደረሰኝ። መልቀቂያዬን በእጄ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት፤ ሰኞ ላስገባ ነበር። ዓርብ ጠዋት ርእሰ መምህሩ አስጠሩኝ።

"መምህርት፣ ልትለቂን ነው አሉ" አሉኝ።

"ማን አለ?"

"ወሬ ነው። በዓመቱ መካከል ክፍል ጥለሽ እንዳትሄጂ ብዬ ነው።"

ደሜ ፈላ። ማን እንዳለ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም፤ በዓይኔ ፊት የመጣው አይሱዙው ጀርባ የቆመው ሰው ነው። "ስለ እኔ የሚያወራው ሰው መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ" አልኳቸው። "ሦስት ወር ጠበል ገባሁ ብሏል። እኔ ጠበሉ ድረስ ሄጄ አጥማቂውን ጠይቄያለሁ፤ እዚያ ያየው ሰው የለም። የት እንደነበረ እስቲ ይንገራችሁ።"

ርእሰ መምህሩ እስኪርብቷቸውን አነሡና ጠረጴዛቸው ላይ በነበረ ብጣሽ ወረቀት አንድ ነገር ጻፉ። "የሕመም ማስረጃ አምጥቶ ነበር እኮ" አሉ፤ ለራሳቸው ይመስላል። "በዚህ ጊዜ ደግሞ ሦስት ወር የት እንደከረመ የማይታወቅ ሰው..." ብለው አልጨረሱትም። ሰው መንገድ ላይ ከታጣቂ ጋር ነህ ተብሎ በጥርጣሬ ብቻ ተይዞ በሚሰነብትበት ጊዜ ያን አባባል መጨረስ አያስፈልግም ነበር። ትንሽ ደነገጥኩ። ቢሆንም ከቢሮው ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሦስት ክፍል በደስታ አስተማርኩ።

በዚያው ዕለት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ባልደረባዬ ነበር። ቤቴ መጥቶ አያውቅም። አከራይቷ ልብስ ከሚያሰጡበት ቀና ብለው አዩን።

"ልግባ?" አለኝ። "ደጅ ላይ የሚባል ነገር አይደለም።"

በሩን ሳልዘጋ አስገባሁት። አልቀመጥም ብሎ ቆየና ተቀመጠ። ከጃኬቱ ውስጥ ፓስፖርት አወጣና ገጽ ፈልጎ ሰጠኝ። እኔ የምሄድበት አገር ቪዛ ነው፤ ቱሪስት ይላል። ከጎኑ ሙሉ ገጽ የያዘ ማኅተም አለ። አንብቤ ለመረዳት አልቸገረኝም፣ ሥራዬ ነው። ከዚያ አገር ተባርሯል፣ አምስት ዓመት አይገባም ይላል።

"ጠበል አልገባሁም" አለኝ።

ከዚያ ነገረኝ። ቱሪስት ቪዛው ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየራል ተብሎ ነው የሄደው፤ አልተቀየረም። ትምህርት ቤቱ ለወላጆች ከደቡብ አፍሪካ ነኝ በል አለው፤ የደቡብ አፍሪካ ፓስፖርት ዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ድንበር ተሻግሮ ቪዛውን አድሶ ይመለሳል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወንበር የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሁለት መምህራን ጋር ይዘጉበታል።

"የሰባት ዓመት ልጆች 'አገርህ አንበሳ አለ?' ሲሉኝ የማላውቀውን አገር አወራላቸው ነበር" አለኝ። "ተሁሉ እሱ ነው ያመመኝ።"

"እንዴት ተያዝክ?"

"ለሦስተኛ ጊዜ ድንበር ስሻገር ቦርሳዬን ፈተሹት። የልጆቹን የፈተና ወረቀት ይዤ ነበር፣ አውቶቡስ ላይ ላርም ብዬ። ግማሹን በቀይ አርሜዋለሁ። ጎብኚ ነኝ እያልሁ ያን ወረቀት ምን ልበለው?" ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ሳቀ። "ትምህርት ቤቱ ተደወለለት፤ አናውቀውም አሉ። ሰባት ሳምንት አሰሩኝና ሸኙኝ። ለሚስቴ ጠበል ገባ በይ አልኋት። የሕመሙን ወረቀት በሰው በሰው አወጣሁት።"

ፓስፖርቱን መለስኩለት። "ለምን ፊት ለፊት አልነገርከኝም?" አልኩት።

"እንዴት ብዬ? ፕሮሰስ የጀመረን ሰው ማን ደፍሮ አትሂድ ይለዋል? ብልሽ ዓይኑን ጣለብኝ ትይ ነበር።"

እል ነበር። እውነቱን ነው።

"ፎቶሽን ሳይ አወቅሁ። ቡሬም ተከትዬሽ ነው የመጣሁ። እኔም ኢንተርቪው የተደረግሁት እዚያው ሆቴል ነው። እነግራታለሁ ብዬ መጥቼ አፌ እንቢ አለኝ።" ስልኩን አወጣና አንድ የቆየ መልእክት አሳየኝ። በቱሪስት ቪዛ ና፤ እዚህ ስትደርስ እንቀይረዋለን፤ ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው። ዲግሪህን በእጅ ሻንጣህ አትያዝ። ስልኬን አውጥቼ አጠገቡ አደረግኩት። የእኔ ከእሱ የሚለየው በሴት ጾታ የተጻፈ መሆኑ ብቻ ነው።

"ሥራሽን አትልቀቂ" አለኝ። "እኔ ስመለስ ሥራዬ ባይጠብቀኝ ልጆቼን ምን አበላቸው ነበር? የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።"

ሲነሣ በሩ ላይ ቆም አለ። "ተሚስቴ በቀር ይኸን የሚያውቅ የለም። ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ተታወቀ አለቀልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ቃል ግቢልኝ።"

ጠዋት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ያልኩት ነገር ትዝ አለኝ። ልናገረው ይገባኝ ነበር። ቢያንስ ሰኞ እስኪጠሩት ሁለት ቀን ይኖረው ነበር፤ ከሚስቱ ጋር ይመክር ነበር፣ የሚለውን ያዘጋጅ ነበር።

"ለማንም አልናገርም" አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ርእሰ መምህሩ ቤት ድረስ ሄድኩ። ተሳስቻለሁ፣ አጥማቂው ሌላ ሰው መስሏቸው ነው ልላቸው ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ለምን ሐሳቤን እንደቀየርኩ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? የት እንደነበረ ካልነገርኳቸው አያምኑኝም፤ ከነገርኳቸው ደግሞ ቃሌን አፈርሳለሁ። እንዲህ ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው፤ ወሬኛዋ እኔ መሆኔ እንዳይታወቅ ነው የፈራሁት። ምናልባት ረስተውት ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።

አልረሱትም። ሰኞ ጠሩት፤ ከወረዳም ሰው መጣ። ሦስት ወር የት ነበርክ ተባለ። ጠበል ቢል አጥማቂው ይጠራሉ፤ ዝም ቢል ከዚያ የከፋ ነገር ይታሰብበታል። ሁለት ቀን ዝም ብሎ በሦስተኛው ፓስፖርቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የከፋው ጥርጣሬ ቀረለት። በሐሰተኛ ማስረጃ ግን ከሥራው ተሰናበተ። እስከ ሐሙስ ድረስ ከተማው ሁሉ ከውጭ አገር መባረሩን ሰማ፤ ትልቋ ልጁ ትምህርት ቤት መምጣት ተወች።

እኔ አልሄድኩም። ያን የቴሌግራም ሰውዬ ከሁለት ዓመት በፊት የተባረረ አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ያውቅ እንደሆነ ጽፌ ጠየቅኩት። መልእክቱን አንብቦ የተጻጻፍነውን በሙሉ አጠፋው። በዚያ ወር አንድ ቀን ከርእሰ መምህሩ ጋር ስናወራ ልለቅ መሆኔን ማን ነግሯቸው እንደነበር ጠየቅኳቸው። "ማንም" አሉኝ። "የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ የሚሄድ ሰው ነው። ገምቼ ነው።"

ባልደረባዬ መራዊ ሄደ፤ የሚስቱ ወንድም እህል ይነግዳልና እዚያ መጋዘን ጠባቂና ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረው። የሄደ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ከትምህርት ቤቱ ሌላ ሰው አልመጣም። ፍራሹን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲያስሩ ቆመን አየን። ልጆቹና ሚስቱ ገብተው ተቀምጠዋል።

"ማን እንደጠቆመብኝ ስመረምር ከረምሁ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንች አይደለሽም፤ እሱን ያወቅሁት መጀመሪያ ነው። ያን ሰኞ የጠየቁኝ ስለ ጠበሉ ብቻ ነው፤ ስለ ውጭ አገር ምንም አያውቁም ነበር። አንች ብትሆኝ ሁሉን ትነግሪያቸው ነበር። እኔ የሒሳብ መምህሩን ነው የምጠረጥር። እናቱ ማንኩሳ ናቸው፤ እሱ ነው ጠበሉን የሚያውቅ።"

ረዳቱ ተሳፈሩ እያለ ነበር።

"ተጠንቀቂው" አለኝ። "በዚያ ስታፍ ውስጥ ሰው እንዳታምኚ።" ጨበጠኝ፣ ትከሻዬን በትከሻው መታ መታ አደረገኝና አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። ትንሿ ልጅ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ፤ እኔም አወዛወዝኩላት።

ከወር በኋላ የሒሳብ መምህሩ መምህራን ማረፊያ ክፍል አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ለበዓል መራዊ ለሄደው ባልደረባዬ ደውሎለት ስልኩን ጆሮው ላይ እንደዘጋበት ነገረኝ። አብረው አሥር ዓመት ሠርተዋል፤ ባልደረባዬ የሒሳብ መምህሩ ወንድ ልጅ የክርስትና አባትም ነው።

"ምን አስቀይሜው ይሆን? ተአንች ጋር ቅርብ ነበራችሁ፤ የነገረሽ ነገር አለ?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት፤ ደወል ተደውሎ ስለነበር ደብተሬን ይዤ ወደ ክፍል ሄድኩ።